ስምንት ቀን በዋርድ፣ አንድ ቀን በቤት፦ የነርሲንግ ተማሪዎች ራስን የማጥፋት ስጋትን መገምገም የሚማሩበት የጉዳይ ጥናት

ኤፕሪል 11 ቀን 2005 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ስቶክፖርት ከተማ አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ሆስፒታል ተኛች። ሕመሟ ከባድ ድብርት ነው፤ በ2000 ጀምሯት አገግማ ነበር። በማርች 2005 መጀመሪያ ሕይወቷን ለማጥፋት ሞከረች፤ ተኝታ ታክማ ተሻላት ተብሎ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ራሷን ጎዳች። በኤፕሪል የተመለሰችው በፈቃዷ ነው፤ በአእምሮ ጤና ሕግ ተገድዳ አልነበረም። የተቀበላት ሐኪም በየ15 ደቂቃው እንድትታይ አዘዘ። ልውጣ ካለች ወይም ለመውጣት ከሞከረች ደግሞ በሕጉ መሠረት ያለፈቃዷ መቆየት ይኖርባት እንደሆነ እንድትገመገም ጻፈ።

በቆይታዋ መካከል የተደረገ የነርሲንግ ግምገማ ስጋቷን ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ብሎ መዘገበው። አባቷ በጣም እንደተጨነቀ ተናግሮ፣ ልጁ ቶሎ ወደ ቤት እንዳትለቀቅ ለመነ። ኤፕሪል 19 ዋናው ሐኪም ታማሚዋንና እናቷን አነጋገረ። ልጅቷ ቤቷ መሄድ ፈለገች፤ እናቷ ፈራች። ለሁለት ቀንና ለሁለት ሌሊት ፈቃድ ተሰጠ። በማግስቱ ከእናቷ ጋር አብዛኛውን ቀን ዋለች፤ ወደ ማምሻው ላይ ጓደኛዬን ላግኝ ብላ ወጣች፤ በሕይወት አልተመለሰችም።

ወላጆቿ ከሰሱ። የጤና ተቋሙ ቸልተኝነቱን አመነ። ክርክሩ የቀረው ሕይወትን የመጠበቅ ግዴታ በፈቃዱ ለተኛ ታማሚም ይሠራል ወይ በሚለው ላይ ነበር። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2012 ይሠራል ብሎ ወሰነ፤ ለእናትና ለአባት ለእያንዳንዳቸው 5,000 ፓውንድ ካሳ ጸና።

የሕግ ተማሪዎች ጉዳዩን የሚያነቡት ስለ ግዴታው ወሰን ነው። ለነርሲንግ አስተማሪ የሚጠቅመው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ችግሩ የቅጽ አለመሞላት አልነበረም። ታማሚዋ ተገምግማለች፤ የስጋቱ ደረጃ ተጽፏል፤ ክትትል ታዟል፤ ቤተሰቡም አፉን አውጥቶ ተናግሯል። የጎደለው የተጻፈውን እስከ ውሳኔው ሰዓት ድረስ ይዞ የደረሰ ሰው ነው። ተማሪን ቅጽ አሞላል ማስተማር የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ጠይቆ ያገኘውን ነገር ይዞ እስከ መውጫው በር እንዲሄድ ማስተማር ግን ወራት ይወስዳል፤ ትምህርቱም መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ቀኖቹን በየተራ መስጠት

ጉዳዩ ለክፍል ሲቀርብ ከነመጨረሻው አይነበብም። መጨረሻውን የሰማ ተማሪ ስጋት መገምገሙን ትቶ ጥፋተኛ ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ በአራት ወረቀት ተከፋፍሎ፣ ስድስት ስድስት ሆነው ለተቀመጡ ተማሪዎች በየተራ ይታደላል። የመጀመሪያው እስከ ኤፕሪል 11 ያለውን፣ ሁለተኛው የነርሲንግ ግምገማውንና የአባትየውን ቃል፣ ሦስተኛው የኤፕሪል 19ን ውይይት፣ አራተኛው የሆነውንና ፍርዱን ይይዛል። ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ይበቃል። በየወረቀቱ የሚነሱት ጥያቄዎች ያው ሦስት ናቸው፦ ምን እናውቃለን? ምን አናውቅም? ማንን እንጠይቅ?

«ደረጃው ስንት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ተማሪዎች ግን ሳይጠየቁም ይጽፉታል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ከፍተኛ» ያለ ቡድን ሦስተኛው ሲደርሰው «መካከለኛ» ብሎ ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ አስተማሪው ስጋቱን የቀነሰውን መስመር በጣታቸው እንዲያሳዩ ይጠይቃል። የሚጠቁሙት ብዙውን ጊዜ ቤቷ መሄድ መፈለጓን ነው። ቤት መፈለግ ደግሞ ከተሻለው ሰውም፣ ዋርዱ ካስመረረው ሰውም፣ ክትትሉን መሸሽ ከሚፈልግ ሰውም ይመጣል። መረጋጋትም እንደዚሁ ነው፤ መድኃኒቱ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍ አግኝታ ሊሆን ይችላል፣ ከወዲያና ወዲህ መዋለሉ አብቅቶ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ላይ ደርሳም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ፊት አይቶ መለየት አይቻልም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የእንግሊዝ የጤናና እንክብካቤ ልህቀት ተቋም በሴፕቴምበር 2022 ያወጣው መመሪያ ለክፍሉ ይነገራል። መመሪያው ራስን መጉዳትን የሚመለከት ሲሆን፣ ማን ሕይወቱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ መለኪያ ቅጾችን አትጠቀሙ፣ ታማሚዎችንም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያላችሁ አትመድቡ ይላል። ምክንያቱ የሚያስደነግጥ ቢመስልም እውነት ነው፤ ምደባው በደንብ አይተነብይም። ሕይወታቸውን ካጡት ብዙዎቹ «ዝቅተኛ» ከተባሉት መካከል ናቸው፤ «ከፍተኛ» ከተባሉት ደግሞ አብዛኞቹ በሕይወት ይቆያሉ። ደረጃውን ማን እርዳታ ይገባዋል ለማለት የሚጠቀምበት ነርስ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። ስለዚህ ተማሪው ከግምገማው ይዞ የሚወጣው ይህ ሰው ምን ያስፈልገዋል፣ ዛሬ ማታ ማን አብሮት ይሆናል፣ ምንስ ከእጁ ይራቅ የሚለውን መልስ ነው።

ፍርድ ቤቱ የሰማው የባለሙያ ግምት ለዚህ ትምህርት ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። ምስክሩ ስጋቱ ኤፕሪል 19 ከሆስፒታል ስትወጣ 5 በመቶ ገደማ፣ ኤፕሪል 20 ላይ 10 በመቶ፣ ኤፕሪል 21 ላይ 20 በመቶ ነበር አሉ። ተማሪዎች 5 በመቶ ሲሰሙ ትንሽ ነው ይላሉ። ከ20 ተሳፋሪ አንዱ በሕይወት የማይደርስበት ሚኒባስ ማንንም አናሳፍርም፤ ፍርድ ቤቱም ስጋቱን ተጨባጭ ነው ብሎታል። ከቁጥሩ በላይ የሚያስተምረው አካሄዱ ነው። ያው ታማሚ፣ ያው ቤት ሆኖ ሳለ ግምቱ በሦስት ቀን አራት እጥፍ ሆኗል። ሰኞ የተጻፈ ግምገማ ረቡዕን አይሸፍንም። «መቼ ነው እንደገና የምትታየው?» የሚል መስመር የሌለበት ማስታወሻ አላለቀም።

አፍ አውጥቶ መጠየቅ

ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ጥያቄውን ራሱን ነው። «ሐሳቡን እኔ ብሰጣትስ?» ይላል። በ2005 የታተመ ጥናት በኒው ዮርክ ግዛት በስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 2,342 ተማሪዎችን መርምሮ፣ ስለ ጉዳዩ የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይልቅ አልተጨነቁም፣ ሐሳቡም አልበዛባቸውም፤ ድብርት የነበረባቸው ጭራሽ ቀለል ብሏቸው ተገኙ። ይህን መናገር ግን ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ፍርሃቱን የሚያጠፋው አፍን ማለማመድ ነው። ተማሪው ጥያቄውን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጓደኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ አሥር ጊዜ ይበለው። በአምስተኛው ላይ መንተባተቡ ይቀንሳል።

አማርኛ የራሱ ወጥመዶች አሉት፤ ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ ቅጽ አያሳያቸውም። የመጀመሪያው አሉታዊ ጥያቄ ነው፦ «ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ የለሽም አይደል?» ይህ መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። ታማሚዋ «የለኝም» ከማለት ሌላ መንገድ የላትም፤ አለኝ ብትል ነርሷን ያሳፈረች ይመስላታል። ሁለተኛው መሸፋፈን ነው፦ «እንትን... መጥፎ ነገር አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጥፎ ነገር ለአንዷ ስርቆት፣ ለአንዷ ዝሙት ነው። ራስን መጉዳትና ራስን ማጥፋትም አንድ አይደሉም፤ ራሷን የምትጎዳው ሁሉ ልትሞት ብላ አይደለም፤ ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቃሉ። ሦስተኛው ወቀሳ ነው፦ «ልጆች እያሉሽ እንዴት እንዲህ ታስቢያለሽ?» ይህን የሰማች እናት ሁለተኛ አትናገርም። አራተኛው ለመንቀፍ ይከብዳል፤ «አይዞሽ» ነው። መልካም ቃል ነው፤ ግን ታማሚዋ ንግግሯን ሳትጨርስ ከመጣ «በቃ፣ ሰምቻለሁ» የሚል ትርጉም ይይዛል። ተማሪዎች «አይዞሽ»ን ከመጨረሻው ጥያቄ በኋላ እንዲያስቀምጡት፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላም ለአምስት ሰከንድ ዝም እንዲሉ ይለማመዳሉ። አምስት ሰከንድ ዝምታ ለጀማሪ ረጅም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዋናው ነገር የሚነገረው ከእሱ ቀጥሎ ነው።

በተቃራኒው ቋንቋው በር የሚከፍትባቸው ቦታዎች አሉ። «ምነው ባልተፈጠርኩ»፣ «ሞቴን በተመኘሁ»፣ «ከዚህ ኑሮ ሞት ይሻላል»፣ «እግዜር ቢወስደኝ»፣ «ለማን ብዬ?» የሚሉት ቃላት በየቤቱ የሚሰሙ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የምሬት አነጋገር ብቻ ይሆናሉ። ነርስ ግን አነጋገር ነው ብሎ አያልፋቸውም፤ ቃሉን ራሱን ይዞ ይመለሳል፦ «ቅድም 'ሞቴን በተመኘሁ' ብለዋል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲል ሕይወቱን ለማጥፋትም ያስባል። እርስዎስ አስበው ያውቃሉ?» ይህ አካሄድ ታማሚውን አያስደነግጥም፤ በራሱ ቃል የተጀመረ ነውና። «ልጆቼን አደራ» የሚለው ንግግርም፣ በተለይ ጉዞ ወይም ቀዶ ሕክምና ሳይኖር ሲመጣ፣ ቆም ተብሎ ይጠየቅበታል።

ቅደም ተከተሉን ለማስያዝ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የስድስት ጥያቄ ማጣሪያ ይጠቅማል። በልምምድ አማርኛ እንዲህ ሊባል ይችላል (የጸደቀ ትርጉም አይደለም)፦ ባለፈው አንድ ወር ሞቼ ባረፍኩ፣ ተኝቼ ባልነቃሁ ብለው ተመኝተዋል? ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበዋል? አዎ ካሉ፦ እንዴት እንደሚያደርጉት አስበዋል? ያሰቡትን ለመፈጸም ቆርጠው ነበር? ዝርዝሩን ማቀድ ጀምረዋል? በመጨረሻም፦ እስከ ዛሬ ሕይወትዎን ለማጥፋት ሞክረው ወይም ለዚያ ተዘጋጅተው ያውቃሉ? ባለፉት ሦስት ወራትስ? ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «አይ» ሲባል ቅጹን ያጥፋል። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ያሉት ይዘለላሉ እንጂ ስድስተኛው አይዘለልም፤ ከዚህ በፊት መሞከር ከሚታወቁት የስጋት ምልክቶች ሁሉ የከበደው ነውና። የስቶክፖርቷ ወጣት ስትተኛ ከኋላዋ የማርቹ ሙከራ ነበር።

ማጣሪያው ያላነሳቸው ነገሮችም ይጠየቃሉ፦ እንቅልፍ፣ መጠጥና ጫት፣ የማያስተኛ ሕመም፣ ዕዳ፣ የቅርብ ሐዘን፣ «ለሰው ሸክም ሆንኩ» የሚል ስሜት፣ እስከ ዛሬ ያቆያትስ ምን እንደሆነ። የመጨረሻውን «ምን ያቆይሻል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ዋስትና አይመዘገብም። ልጅ፣ እምነት፣ እናት ሰውን ያቆያሉ፤ ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ ታማሚዋ ያለ እኔ ይሻላቸዋል ማለት ትጀምራለች።

«የለም» የሚለው መልስ

በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ወይም እንደወጡ ሕይወታቸውን ያጠፉ 76 ታማሚዎችን መዝገብ መረመረ። 78 በመቶው በመጨረሻው ንግግራቸው እንዲህ ያለ ሐሳብ የለኝም ብለው ነበር። ይህ ቁጥር ተማሪውን ተጠራጣሪ እንዲያደርገው አይደለም የሚነገረው፤ ታማሚ ዋሾ ነው ብሎ የሚያስብ ነርስ መጥፎ ነርስ ነው። ሰው የለኝም የሚለው ስለሚያፍር፣ ቤተሰቡ አጠገቡ ስለቆመ፣ ፖሊስ ይጠራብኛል ብሎ ስለሚፈራ፣ ወይም በዚያች ሰዓት ሐሳቡ በእውነት ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል።

የፖሊሱን ፍርሃት ማስወገድ ይቻላል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሕይወቱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው በሙከራው አይቀጣም፤ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ወደዚያ ያነሳሳውን ወይም የረዳውን ነው። ተማሪዎች ይህን በደንብ ማወቅ አለባቸው፤ ታማሚው ሲጠይቅ የሚያመነታ ነርስ ፍርሃቱን ያረጋግጥለታልና።

ቤተሰቡ የያዘው መረጃ

የአባትየውና የእናትየው ቃል በጉዳዩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ይህ በሦስተኛው ወረቀት ላይ የውይይቱ እምብርት ይሁን። ተማሪዎች «ቤተሰብ ይጨነቃል፣ የተለመደ ነው» ሲሉ፣ አስተማሪው የቤተሰቡን ጭንቀት እንደ ክሊኒክ መረጃ ጻፉት ይበላቸው፦ ምን አየች? መቼ? ከበፊቱ ምን ተለየ? «እናት ተጨንቃለች» ስለ እናት የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ነው። «እናት፦ 'ልጄ ማታ አትተኛም፣ ስልኳን ለእህቷ ሰጠቻት'» ግን ስለ ታማሚዋ የተጻፈ ነው።

በኢትዮጵያ ዋርድ ውስጥ የአልጋው እግር ሥር አስታማሚ አለ። ሌሊቱን የሚያድረው፣ ታማሚው ምግቡን መመለሱንና በሌሊት መባነኑን የሚያየው እሱ ነው። ተማሪ አስታማሚን መድኃኒት እንዲገዛና ላቦራቶሪ እንዲሮጥ ይልከዋል እንጂ አይጠይቀውም። ትምህርቱ ሁለት ንግግር ያስፈልጋል ይላል። አንደኛው ከታማሚው ጋር ለብቻ፦ «እስቲ ለአሥር ደቂቃ ውጭ ቆዩልን፤ ቀጥሎ እርስዎንም አነጋግራለሁ።» ሁለተኛው ከአስታማሚው ጋር፣ ከአልጋው ራቅ ብሎ። የታማሚው ምሥጢር አስታማሚውን ከመስማት አይከለክልም፤ መስማትና መንገር ይለያያሉ። የሚከለከለው ታማሚው የነገረንን ያለ ፈቃዱ ማውራት ነው፤ እሱም ቢሆን ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ለማዳን የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ይነገራል። ታማሚዋ «ለማንም አትንገሪብኝ» ስትል የሚሰጠው መልስ በቃል ይጠናል፦ «ይህን ብቻዬን መያዝ አልችልም። የምነግረው ለሚረዱሽ ሰዎች ነው፤ ስነግርም አንቺ እያወቅሽ ነው።»

15 ደቂቃ ምን ይሠራል?

በየ15 ደቂቃው ማየት ሲታዘዝ ተማሪው የሚያየው የፊርማ ሰንጠረዥ ነው። ሁለት ነገሮች ይበላሻሉ። ሥራ ሲበዛ ፊርማው ከእውነቱ ይቀድማል፤ ሦስት ሳጥን በአንድ ጊዜ ይሞላል። ሁለተኛው፣ ነርሷ በበሩ አጮልቃ «አለች» ብላ ትሄዳለች። ክትትል ማለት ግን ሄዶ ስሟን ጠርቶ «አሁንስ እንዴት ነሽ?» ማለት ነው፤ ከስምንት ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ቢያንስ ሁለቴ ቁጭ ብሎ ማውራትም ይጨመርበታል። ጊዜውም እንደ ደወል እኩል አይሁን፣ ይለዋወጥ። እንደገና ሙከራ ታደርጋለች የሚል ቅርብ ፍርሃት ካለ ግን 15 ደቂቃ አይበቃም፤ ሰው ከአጠገቧ አይለይ። ለ30 አልጋ ሁለት ነርስ ባለበት ሌሊት ይህን ማሟላት ይከብዳል። ያን ጊዜ ታማሚዋ ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ለፊት ወዳለው አልጋ ትዛወራለች፤ መድኃኒትና ስለት ከአካባቢዋ ይነሳል፤ አስታማሚው ምን እንደሚጠብቅ፣ መቼም እንደሚጠራን በግልጽ ይነገረዋል፤ ኃላፊነቱ ግን ለእሱ አይተላለፍም።

በሩ ላይ ያለው ሥራ

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ለአእምሮ ሕሙማን እጅግ አስጊ ናቸው። ስለዚህ ኤፕሪል 19 የሚጠይቀው ከ«ትሂድ ወይስ አትሂድ» ይሰፋል። በልምምዱ ተማሪዎች ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ሊጠየቅ ይገባ የነበረውን በ10 ደቂቃ ይጽፋሉ። ጥሩ ቡድን እነዚህን ያወጣል፦ ቤት ማን አለ፣ ሌሊትስ? ብቻዋን ወጣ ልበል ብትል ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ ያለ አደገኛ ነገር ማን ያነሳዋል፣ መቼ? እናት ካልቻለች ለማን ትደውላለች፣ በስንት ሰዓት? ሁለት ሌሊት ለምን? መጀመሪያ በሰው ታጅባ ለሁለት ሰዓት ወጥታ ብትመለስ ምን ይጎድላል? እናትየዋ «እፈራለሁ» ካለች ደግሞ ዕቅዱ ጠባቂ የለውም ማለት ነው፤ እሷ ናትና ጠባቂዋ።

የደኅንነት ዕቅድ የሚባለው ስድስት ክፍል አለው፤ ከታማሚዋ ጋር አብሮ፣ በእሷ ቃል፣ በአንድ ገጽ ይጻፋል፦ ሐሳቡ ሊመጣ ሲል የሚታወቅበት ምልክት፣ ብቻዋን ሆና የምታደርገው ነገር፣ ሐሳቧን የሚያዘናጋ ሰውና ቦታ፣ እርዳታ የምትጠይቀው የቅርብ ሰው፣ የባለሙያና የድንገተኛ አድራሻ፣ አካባቢን ከአደጋ ማጽዳት። በ2018 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት ይህ ዕቅድ ከስልክ ክትትል ጋር የተሰጣቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ባሕርይ ከሌሎቹ በ45 በመቶ ያህል አንሶ እንደታየባቸው አሳየ። «ራሴን ላልጎዳ ቃል እገባለሁ» ተብሎ የሚፈረም ወረቀት ግን ዕቅድ አይደለም፤ ሰውን እንደሚጠብቅ አልታየም፤ ነርሷን ብቻ ያረጋጋል። ተማሪዎች ይህን ወረቀት ይወዱታል፤ አስተማሪው ከልምምዱ ሊያወጣው ይገባል።

በአካባቢ ማጽዳት ላይ በገጠር የሚመጣ ታማሚ ቤት የተባይ ማጥፊያ ይኖር እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሰው ከቤቱ አውጥቶ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ እንዲያስቀምጥ ይደረጋል። ስሪላንካ አደገኛ ፀረ ተባዮችን በየጊዜው አግዳ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ራስን የማጥፋት ሞት መጠኗን በሁለት አሥርት ዓመታት በ70 በመቶ ገደማ ቀንሳለች። «ካሰበ መንገድ አያጣም» የሚለው አባባል ተማሪዎችን ሁሉ ያሳምናል፤ ስህተት ነው። ጭንቁ የበረታበት ሰዓት ያልፋል፤ እስኪያልፍ መንገዱ መራቁ ሕይወት ያተርፋል።

ለመከታተል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሞክረው የተረፉ 1,867 ሰዎችን አሳትፎ ነበር። ግማሾቹ ከመውጣታቸው በፊት የአንድ ሰዓት ምክር፣ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ስልክ ወይም ጉብኝት አገኙ። ከእነዚህ መካከል ሕይወታቸውን ያጠፉት 0.2 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 2.2 በመቶ ነበሩ። ለጸበል የሚሄድ ታማሚም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው ስልክ ይመዝገብ።

ማስታወሻውና ርክክቡ

እዚህ ላይ ከእውነተኛው ጉዳይ ወጥተን ታማሚ ሆና ከምትጫወት የሠለጠነች ሰው ጋር እንለማመዳለን። የተማሪዎች የመጀመሪያ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦ «ታማሚዋ ተረጋግታለች። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የላትም። ስጋት፦ ዝቅተኛ። ክትትሉ ይቀጥል።» ማታ የሚረከበው ነርስ ከዚህ ምንም አያገኝም። የታረመው እንዲህ ይሆናል፦

«ከጠዋቱ 4፡20። ለብቻዋ 25 ደቂቃ አነጋገርኳት። ትናንት ማታ ሕይወቷን ለማጥፋት አስባለች፤ መንገዱን አስባለች፣ ቤት ውስጥ የምታገኘው ነገር ነው፤ 'ቀን አልቆረጥኩም' ትላለች። ከሁለት ወር በፊት ሞክራ ለማንም አልነገረችም። 'ታናሽ እህቴን ሳስብ እተወዋለሁ' ብላለች። እናቷ፦ 'ልብሷን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች'። ያልታወቀ፦ መጠጥ ትጠጣ እንደሆነ፣ ባሏ ያውቅ እንደሆነ። ብቻዋን አልተተወችም። ለተረኛዋ ሲስተርና ለሐኪሙ 4፡50 ላይ ነግሬአለሁ፤ ሐኪሙ 6፡00 ሊያያት ነው። በእኔ በኩል እንደገና የምትታየው 8፡00።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚረዝመው በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ያልታወቀውን መጻፍ ለተማሪ ከባድ ነው፤ ድክመቱን የገለጠ ይመስለዋል። ለሚረከበው ሰው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው መስመር እሱ ነው። ርክክቡም በቃል ይደገማል፦ ሁኔታው፣ ከኋላ ያለው ታሪክ፣ የእኔ ግምገማ፣ የምጠይቀው። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ተማሪ ለሐኪም ይነግራል እንጂ አይጠይቅም። «ዶክተር፣ ከ6፡00 በፊት እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ ሰው አብሯት እንዲቆይ አድርጌአለሁ» ማለት ይለማመዳል። ሐኪሙ ቢያጣጥልበትስ? ያንንም ይለማመዳል፤ አንድ ጊዜ ይደግማል፣ ከዚያ ለኃላፊዋ ነርስ ይወስደዋል፣ የሁለቱንም ሰዓት ይጽፋል።

ልምምዱ ሲካሄድ

አንድ ተማሪ 15 ደቂቃ ያነጋግራል፣ 10 ደቂቃ ይጽፋል፣ 3 ደቂቃ ያስረክባል፤ ውይይቱ ከ20 ደቂቃ አያንስም። ታማሚዋን የምትጫወተው ሰው በቀጥታ ካልተጠየቀች በስተቀር ሐሳቡን እንዳትናገር ትታዘዛለች፤ ተሸፋፍኖ ለተጠየቀችው ተሸፋፍና ትመልሳለች። ስለ ዘዴው ዝርዝር አትናገርም፤ ለትምህርቱ አያስፈልግም። ሲያልቅ የራሷን ስም ትናገራለች፣ ወንበር ትቀይራለች፣ ከሚናዋ ትወጣለች፤ ይህ ካልተደረገ ከባዱ ስሜት አብሯት ቤት ይገባል።

ከክፍሉ ውስጥ ዘመድ ወይም ጓደኛ በዚህ ያጣ፣ ወይም ራሱ በዚህ ሐሳብ ያለፈ ተማሪ ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ርዕሱ ይነገራል፤ ምክንያት ሳይጠየቅ መውጣት ይፈቀዳል፤ የወጣውን ተከትላ የምትሄድ አንዲት አስተማሪ በስም ትመደባለች። ለእሱም የሚጠየቀው ያው ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፤ ለተማሪ ሲሆን አስተማሪዎች ራሳቸው መሸፋፈን ይጀምራሉ። በአሜሪካ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች 988 ሲደወል አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ሌላ ቦታ የቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሦስት ነገሮች ሌላው ሁሉ ቢያምርም ተማሪውን ያስደግሙታል፦ በቀጥታ አለመጠየቅ፣ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት፣ ሐሳቧን የነገረችውን ታማሚ ሐኪም ልጥራ ብሎ ብቻዋን ትቶ መሄድ። ሦስተኛውን የሚሳሳቱት ጎበዞቹ ናቸው፤ ጥያቄውን በሚገባ ጠይቀው መልሱ ሲያስደነግጣቸው ወደ በሩ ይሮጣሉ። ከወንበሩ ሳይነሱ ሰው መጥራትን፣ አጠገብ ያለ ባልደረባ ከሌለም አስታማሚውን ጠርቶ እስኪመጣ መጠበቅን ይለማመዳሉ።

የመጨረሻው ልምምድ ሦስተኛው ወረቀት ነው፣ አሁን ግን በሰው ይተወናል። አንዷ ታማሚ፣ አንዷ እናት፣ አንዱ የቸኮለ ሐኪም ይሆናሉ፤ ነርሱ ተማሪው ነው። ታማሚዋ ቤቴ ልሂድ ትላለች፤ ሐኪሙ ብዕሩን ያነሳል፤ እናትየዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ትናገራለች። ተማሪው ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ቃሏን ይዞ ሐኪሙን ካላስቆመው፣ በማስታወሻውም ላይ እናትየዋ ያለችው በራሷ ቃል ካልሰፈረ፣ ሁሉም ወደ ቦታቸው ይመለሱና ከኤፕሪል 19 ጠዋት እንደገና ይጀመራል።